በር አልከፍትም ያልኩበት ማለዳ

ባለፈው ማክሰኞ ሃቫና ስትሪት ላይ ካለው የኮሪያዎች ሱፐርማርኬት ወጥቼ ቃሪያና ዝንጅብሌን መኪና ውስጥ ስጭን ልጄ ቤዛ ደወለች። ነርስ ናት፤ ሊትልተን ነው የምትኖረው። የልጇ መዋያ ማሞቂያው ተበላሽቶ ተዘግቷል፣ ባሏ ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል፣ እሷ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆስፒታል መገኘት አለባት። «እማ፣ አይ አም አፕ ዘ ክሪክ!» አለችኝ። «ዊዝአውት ኧ ፓድል» ብዬ ጨረስኩላት። ጭንቀቷን ረስታ ሳቀች። «ሃው ዱ ዩ ኢቭን ኖው ዛት?» አለች፣ ከየት አወቅሽው ለማለት። «ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው። መጣሁ፣ ጫማውን አድርጊለት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ፈረንጆች ሰው መውጫ መግቢያ ሲጠፋው እንዲህ ይላሉ። ታንኳ ላይ ተቀምጠህ ወንዝ መሃል ገብተሃል፣ መቅዘፊያ ግን የለህም እንደ ማለት ነው። እኛ አጣብቂኝ የምንለው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ታንኳ የሚባል ነገር ወደዚህ አገር እስክመጣ ድረስ በዓይኔ አላየሁም። ይሁን እንጂ ይህቺን አነጋገር ከብዙ የእንግሊዝኛ ቃል በፊት ነው የተማርኳት፤ ምክንያቱም የተነገረችው ስለ እኔ ነው። ከኦሮራ እስከ ሊትልተን መንገዱ ረጅም ነው፣ የማክሰኞ ትራፊክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ሐሳቤ ቤዛ ሕፃን ወደነበረችበት ክረምት ይመለስ ጀመር።

ያን ጊዜ ሃቫና ስትሪት እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ብትነዱ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት፣ የቬትናም ሾርባ ቤት፣ የእኛ ሰዎች ሥጋ ቤትና ፀጉር ቤት፣ በርበሬና ሽሮ እንደ ልብ የሚሸጥበት ሱቅ ታያላችሁ። እኔ ስመጣ አሮጌ መኪና መሸጫ ነበር የሚበዛው፣ በላዩ ላይ ትንንሽ ባንዲራ እንደ ሠርግ ቤት የተንጠለጠለበት። ቤንዚን ጋሎኑ አንድ ዶላር አይሞላም፤ እኛም ውድ ነው እያልን እናማርር ነበር። በርበሬ የሚገኘው ከአገር ቤት በመጣ ሰው ሻንጣ ነው። «እገሌ መጣ» ሲባል፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ከእንግዳው ይልቅ ሻንጣው ነበር የሚናፈቀው። እኔ የምለብሰው ካፖርት ወይን ጠጅ ነበር፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት፤ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ነው የገዛሁት። ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። ቤዛ ፎቶውን ባየችው ቁጥር ትንከተከታለች፤ እኔ ግን ያን ካፖርት እወደው ነበር፣ የዴንቨርን ብርድ ያስቻለኝ እሱ ነው። መኪናዬ አሮጌ ቡናማ መኪና ነበረች። የካሴት ማጫወቻዋ አንድ የትዝታ ካሴት ውጦ አልተፋም ስላለ፣ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ ዘፈን እየሰማሁ ነው ሥራ የተመላለስኩት። ማሲንቆው ሲጀምር እንባዬ ይመጣል፣ መጥረጊያው ውጭ ያለውን በረዶ ይጠርጋል፣ እኔ ደግሞ ውስጥ ያለውን።

ባለቤቴ ግርማ ካርቱም ቀርቶ ነበር። የእኔ ፋይል ቀድሞ አለቀ፣ የእሱ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ወደ ኋላ ቀረ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው የተለየሁት፤ ቤዛ እዚህ ተወለደች። ስደተኛ የሚረዳው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ይነግረኛል፦ «ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ። ባልሽ ሲመጣ የሚቀበለው ሥራና ቤት ያለው ሰው መኖር አለበት።» ስለዚህ ያ ሥራ ለእኔ ሥራ ብቻ አልነበረም፣ ግርማ ራሱ ነበር። ሥራው ከሄደ ግርማም አብሮ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ። የምሠራው ዴንቨር ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ከጧቱ ሰባት ሰዓት እገባለሁ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ቤዛን የምትይዝልኝ እታች ፎቅ የምትኖር እትዬ በላይነሽ የምትባል ደግ ሴት ነበረች። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር እያልኩ ሁልጊዜ አስብ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ ጥሩ አይደለም።

አንድ እሑድ በረዶው ከጧት ጀምሮ ሲወርድ ዋለ። እትዬ በላይነሽ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አንሸራተታት፣ እጇ ተሰበረ። ልጇ ከሊትልተን መጥቶ ሆስፒታል ወሰዳት፣ ከዚያም ወደ ራሱ ቤት። መኪና ውስጥ ሆና እጇን በሻርፕ አስራ፣ «ሙሉዬ፣ ልጅቷን ምን ታደርጊያታለሽ?» ነው የምትለኝ። በዚያ ሕመም ላይ ሆና! «አይዞሽ፣ ሰው አለኝ» አልኳት። ሰው አልነበረኝም። ማለቴ፣ የለኝም ብዬ ነበር የማምነው። ዴንቨር ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሐበሾቹን የማውቃቸው ለጸሎት ከምንከራየው የፈረንጆች አዳራሽ በሰላምታ ብቻ ነው። ሁሉም ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሁሉም ደክሞታል። እንዴት ብዬ ነው የማላውቀውን ሰው ልጄን ያዙልኝ የምለው? ይሉኝታ የሚባለው በሽታ ደግሞ ከእኛ ጋር ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው።

ለአለቃዬ ለሎሬን ደወልኩላት። ሎሬን ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤዛ አሟት ስቀር ሁለት ጊዜ በእኔ ፋንታ ገብታ ሠርታለች፣ ለበላይዋም ሸፍናልኛለች። «የኔ ማር፣ ከእንግዲህ እጄ ታስሯል» አለችኝ። «ነገ ከቀረሽ እኔ ሳልሆን ከላይ ያሉት ናቸው የሚያሰናብቱሽ። ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው የለም?» «የለም። ብቻዬን ነኝ።» ይኼኔ ያቺን የወንዝና የመቅዘፊያ ነገር ተናገረች። ፍቺውን ጠየቅኳት፤ አስረዳችኝ። በደንብ ነው የገባኝ። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ካልሄድኩ ሥራው ይቀራል፣ ሥራው ከቀረ ግርማ ይቀራል። ከሄድኩ የአራት ወር ሕፃን ለማን ትቼ?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ሲነጋጋ መላ አገኘሁ ብዬ ተነሣሁ። መጦሪያው ውስጥ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል አለ፣ ሞቃት ነው፣ ከእኔ በቀር ብዙ ሰው አይገባበትም። ቤዛን በልብስ ቅርጫት አስተኝቼ እዚያ አስቀምጣታለሁ፣ በየመሃሉ እየገባሁ አጠባታለሁ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ቤዛን ጠቀለልኳት፣ ቅርጫቱ ውስጥ አስገባኋት፣ ካፖርቴን ለበስኩ። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ተንኳኳ።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ኮሪደሩ በሐበሻ ተሞልቷል። ከፊት ጋሽ ታደሰ ቆመዋል፣ የቀድሞው የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት። ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ባርኔጣ። ከኋላቸው ስንዱ፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ ካፖርቷ ላይ ነጠላ ደርባ። ከእሷ ኋላ ሁለቱ ታክሲ ነጂ ወንድማማቾች፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሌላም ሁለት ሴት፣ ነጠላ በነጠላ። ገና ሰማዩ በቅጡ አልነጣም።

እኛ ሰዎች እንዲህ ተሰብስበን፣ ሽማግሌ አስቀድመን፣ በማለዳ የሰው በር የምናንኳኳው ለምን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። መርዶ ነው።

«ማነው?» አልኩ፣ እያየኋቸው።

«እኛ ነን ልጄ፣ ክፈቺ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም፣ ደህና ነን። ክፈቺና እንነግርሻለን።»

መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚለው! ከዚህ ሌላ ምን ይላል? «ግርማ ነው አይደል?» ብዬ ጮህኩ። «ግርማዬ ነው! አልከፍትም!» በሩን በጀርባዬ ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ አልሞተም። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ሥራውንም ሰዓቱንም ረሳሁት። ቤዛ በቅርጫቷ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። «ሂዱልኝ! ወደ መጣችሁበት ሂዱልኝ!» እያልኩ እጮኻለሁ።

ከውጭ ጋሽ ታደሰ «በማርያም ስም፣ ማንም አልሞተም!» ይላሉ። አንደኛው ወንድም ሰው ማረጋጋት የማይችልበት ፍጡር ነበር፤ «ረጋ በይ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አለልኝ። የባሰውኑ ጮህኩ። ቀጥለው እርስ በርሳቸው በሹክሹክታ መጣላት ጀመሩ። «ቀድመን እንደውልላት ብያችሁ ነበር» ትላለች አንዷ። «እንዳትደነግጥ ብለን እኮ ነው ያልደወልነው!» ይላል ሌላው። ያን ጊዜ ያለ ሰዓቱ የሚመጣ ስልክ የሞት ወሬ ነበርና፣ እኔን ላለማስደንገጥ ሲሉ ነው በአካል የመጡት። የሐበሻ ነገር!

ይኼኔ የፎቅ ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ ፈረንጅ፣ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ምን ተፈጠረ እያለች ትጠይቃለች። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንሥተው በዚያ በአስተማሪ እንግሊዝኛቸው «ማዳም! ኖባዲ ኢዝ ዴድ!» ሲሏት ሰማሁ። ሴትየዋ ሮጣ ገባች።

«ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ዞር ይበሉልኝ» አለች ስንዱ። አፏን በሩ ላይ አስጠጋች መሰለኝ። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። እ-ል-ል-ል-ል! ያ ጠባብ ኮሪደር ሊፈርስ ደረሰ። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ወንዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ከላይ ፎቅ ውሻ ይጮሃል፣ በሮች ይከፈታሉ፣ እነሱ እልል ይላሉ። ጀርባዬ በሩ ላይ እንዳለ እንባዬ ቀጥ አለ። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ምንም ቢሆን እልል አይልም። ይህን ያህል ጨካኝ ሐበሻ አልተወለደም። ተነሥቼ ከፈትኩ።

ስንዱ ነበረች ቀድማ የገባችው። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲያው ትከሻዬን ይዛ ናጠችኝ። «ትናንት እትዬ በላይነሽ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ በአንድ እጇ ስልክ ስትመታ ነው ያመሸችው። ለማናችንም ሳትደውይ ብቻዬን ነኝ ትያለሽ? ለፈረንጅ?» ለሎሬን ያልኩትን እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም ነበር፤ ለካስ እትዬ በላይነሽ «ሰው አለኝ» ያልኳትን ሳታምን እሱንም ገምታ ነግራታለች። አፍሬም ደስ ብሎኝም መሬት መሬት አየሁ። ስድስት ሆነው የመጡትም ለዚሁ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢመጣ «አይ፣ አትቸገሩ» ብዬ እንደምመልሰው አውቀውታል።

ነገሩን አስቀድመው ተከፋፍለውት ነው የመጡት። ስንዱ ከሆቴሉ በምታርፍባቸው ቀናት እሷ ትይዛታለች፣ ሌሎቹም ሴቶች የራሳቸው ቀን አላቸው። «የቀሩትን ቀናት እኔ» አሉ ጋሽ ታደሰ። ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት የሚቆርጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጧታቸው ባዶ ነው። ሁሉም ዞሮ አያቸው። ጋሽ ታደሰ አግብተው አያውቁም፣ ልጅም አልወለዱም፤ ሕፃን አቅፈው ያየ ሰው የለም። «ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ተቆጥተው። «ስምንተኛ ክፍልን የቻለ ሰው ይህች ታቅተዋለች?» ካፖርታቸውን አውልቀው ቤዛን ከቅርጫቱ አነሷት። እንደ ሉል ነው የያዟት፣ የዓለም ካርታ እንዳለበት ኳስ፣ በሁለት እጅ፣ ከሰውነታቸው አርቀው። ስንዱ እየሳቀች ክንዳቸውን አጠፈችላቸው። ወንድማማቾቹ በዚያ መካከል በአካፋ መኪናዬን ከበረዶ አውጥተዋታል። አትነሣም ብላ እምቢ ስትል፣ ቤዛ ከጋሽ ታደሰ ጋር ቀርታ፣ በታክሲያቸው ወሰዱኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህን ተረት ትምህርት ቤት አጥንቼ ማርክ አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን በዚያ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ፣ መስታወቱን በካፖርቴ እጅጌ እየጠረግሁ ነው። ሎሬን በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታይ ነበር። «ልጅቷ ከማን ጋር ናት?» አለችኝ። «ከአያቷ ጋር» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ለመዋሸት ብዬ አልነበረም።

ያ ክረምት እንዲህ አለፈ፤ ጸደዩም፣ በጋውም። ጋሽ ታደሰ እሹሩሩ አይችሉም፤ ቤዛን የሚያስተኟት የዓለም ዋና ከተሞችን እየጠሩ ነበር። ከአፍሪካ ይጀምሩና ወደ እስያ ይሻገራሉ። «ኡላን ባቶር ስደርስ ድርግም ትላለች» ይሉኛል፣ እንደ ትልቅ ግኝት። ዳይፐሩን መጀመሪያ ጊዜ በፕላስተር ነው ያሰሩት፤ በኋላ ግን ከእኔ ይሻሉ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ቪድዮ እያየ ነው ልጅ የሚያሳድገው፤ እኛ ያሳደግናት በስድስት ሰው ትርፍ ጊዜ ነው፣ ምን ጎደለባት? ጋሽ ታደሰ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። በመጨረሻ ሲታመሙ እያጠበች፣ ትራስ እያስተካከለች ያስታመመቻቸው ቤዛ ናት። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፣ እሳቸው ግን አንድም ቃል አላረሟትም፤ እሳቸው አስተማሪው!

ግርማ የመጣው በዚያው ዓመት፣ ቤዛ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ነው። በድሮው ኤርፖርት፣ አሁን ፈርሶ ሰፈር በሆነው። ያን ጊዜ ዘመዱን የሚቀበል ሰው አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገባ ነበር። ሁላችንም ሄድን፤ እትዬ በላይነሽ ሳትቀር። እኔ ያን ቤዛ የምትስቅበትን ካፖርት ለብሻለሁ፣ ብርድም ባይኖር፤ ሌላ የሚያምር ልብስ አልነበረኝም። ግርማ መጨረሻ ላይ ወጣ። ከስቷል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። የስደተኞች ቢሮ የሚሰጠውን ነጭ የላስቲክ ቦርሳ በደረቱ አቅፏል። ተቃቀፍን፤ ምን እንደተባባልን አላስታውስም።

ከዚያ ቤዛን አያት። ጋሽ ታደሰ ክንድ ላይ ናት። አንድ ቀን እንኳ ያላያት ልጁ! ፎቶዋን ከካርቱም እስከ ዴንቨር ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። እጁን ዘረጋላት። ቤዛ አንድ ጊዜ አየችውና አቤት ስትጮህ! «አባባ! አባባ!» እያለች ጋሽ ታደሰ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ፊቷን ኮሌታቸው ውስጥ ቀበረች። «ልጄ፣ አባትሽ እኮ ነው፣ አባትሽ ነው» ይላሉ ጋሽ ታደሰ፤ ከአንገታቸው ሊያላቅቋት ይሞክራሉ፣ እሷ ይበልጥ ትጣበቃለች። ደማቸው ከፊታቸው ሸሸ። በሰው ቤት ዕቃ ሰብሮ የተያዘ እንግዳ ነው የሚመስሉት። ስንዱ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትለምድሃለች» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት እንዳይመጣ ነበር፤ መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የግርማ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እኚህ ማን ናቸው?» አለኝ።

«ጋሽ ታደሰ ናቸው» አልኩት። «ሥራ ስሄድ ልጃችንን የሚይዙልኝ።»

የቤዛን ትንንሽ ጣቶች፣ የጋሽ ታደሰን ኮሌታ ጨብጠው ነጭ የሆኑትን፣ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያ ሁሉ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ግርማ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ታደሰን ጉልበት ሳመ። አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። «ኧረ ተው፣ ኧረ በሥላሴ!» አሉ ጋሽ ታደሰ። ሊያነሱት ፈልገው ነበር፤ ግን ሁለቱም እጃቸው በልጃችን ተይዟል።